መጥኖ መደቆስ በጊዜው፤ ስለ ጣና ዳርቻ ግንባታና ስለ ጥናቱ

የጣና ነገር በተነሣ ቍጥር የሁላችንም አንደበት የሚሮጠው ወደ እምቦጭ ነው። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። አረሙ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ ገበሬው፣ ተማሪውና የመንግሥት ሠራተኛው በየተራው ውኃ ውስጥ እየገባ በእጁ ነቅሎታል። አረም በዓይን ይታያል፤ የሚያሞግሰው ሰውም የለም፤ ስለዚህ ጠላት ብሎ ለመጥራት ይመቻል። በሐይቁ ዳርቻ ላይ የሰው እጅ ስለ ሠራው ሥራ ግን የምንነጋገረው ጥቂት ነው። የውኃ መቆጣጠሪያው በር፣ ግድቡ፣ በአፈር የተሞላው ረግረግ፣ ሆቴሉ፣ መንገዱ፣ ለነዚህም ሁሉ ከወንዝ የሚዛቀው አሸዋ፣ እያንዳንዱ ልማት ተብሎ ስለሚመጣ ጕዳቱን መጠየቅ ልማትን እንደ መጥላት ይቈጠራል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አጭር ነው። በውኃ ዳር የሚሠራ ማናቸውም ትልቅ ሥራ የሚያስከትለው ጕዳት መጠናት ያለበት ውሳኔው ከመቈረጡ በፊት ነው። ሲጠናም ሐይቁን እንደ አንድ አካል ይዞ፣ የዳርቻውን ሰው በሚገባው ቋንቋ አነጋግሮ፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ተመልሶ ለክቶ መሆን አለበት። ከነዚህ አንዱ የጐደለው ጥናት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው እንጂ ጥናት አይባልም። እናቶቻችን በርበሬን መጥኖ መደቆስ በጊዜው ነው የሚሉት ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ እንደማይረባ ስለሚያውቁ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቁ ጠባይ እንነጋገር። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር ያህል፣ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እኛ ባሕር እያልን የምንጠራው ውኃ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው ማለት ነው። ዳርቻው ገደል በሆነ ሐይቅ የአንድ ሜትር ከፍታ ልዩነት ብዙም አይታወቅም። እንደ ፎገራ ባለ ለጥ ያለ ሜዳ ግን ውኃው አንድ ሜትር ወረደ ማለት ዳርቻው ብዙ ርቆ ሸሸ ማለት ነው፤ አንድ ሜትር ወጣ ማለት ደግሞ ከሰው ደጃፍ ደረሰ ማለት ነው። ወደ ሐይቁ ከሚገቡት ከ40 በላይ ወንዞችና ጅረቶች መካከል አብዛኛውን ውኃ የሚያመጡት አራት ናቸው፤ እነሱም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። ተፈጥሮ የሰጠችው መውጫ ግን አንድ ዓባይ ብቻ ነው። ከአራቱ ወንዞች ሁለቱ፣ ጉማራና ርብ፣ ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ይወርዳሉ። ስለዚህ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ተዳፋት ላይ በሐምሌ የታጠበ አፈር በከፊል በፎገራና በይፋግ አካባቢ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ የቀረው ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ደጋው የሚያደርገውን ቈላው ባይሰማም ውኃው ይነግረዋል።

ዳርቻ ማለትም በካርታ ላይ እንደሚታየው ቀጭን መስመር አይደለም። በክረምት ውኃው የሚመጣበት፣ በበጋ የሚሸሽበት፣ ደንገልና ፊላ የሚበቅልበት፣ የዓሣ ጫጩት የሚሸሸግበት፣ ወፍ እንቍላል የሚጥልበት፣ በረግረግ መዋሉ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ መሬት ነው። መሐንዲሱ “ባዶ ረግረግ” ብሎ በወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ስፍራ ለአንዱ ግጦሽ፣ ለሌላው ታንኳ፣ ለሐይቁ ራሱ ደግሞ ወንፊት ነው።

ይህን በሚገባ ለማስረዳት የአንድ ሩቅ አገር ታሪክ ልጥቀስ። በሞቃት ባሕር ውስጥ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት የኖራ ድንጋይ እየሠሩ የገነቡአቸው ደሴቶች አሉ። በቀይ ባሕር የዳህላክ፣ በሕንድ ውቅያኖስ የማልዲቭ ደሴቶች የዚህ ወገን ናቸው። በማልዲቭ ኮራሉ ሕይወት ያለው ቅጥር ነው። ከባሕሩ የሚመጣውን ማዕበል ከደሴቱ ራቅ ብሎ ይሰብረዋል፤ ተሰብሮ የሚደቀው ቅርፊቱም የደሴቱ አሸዋ ይሆናል። በዋና ከተማይቱ በማሌ ሰዎች ለቤት መሥሪያ ኮራሉን ከባሕር እየፈለጡ ሲያወጡ ኖሩ። ከተማይቱ በጠበበች ጊዜም ጥልቀት የሌለውን የኮራል ሜዳ በሙሌት እየሸፈኑ መሬት ቀጠሉ። እያንዳንዱ ቤት ለየብቻው ሲታይ የወሰደው ድንጋይ ጥቂት ነበር። በሚያዝያ 1979 ዓ.ም. ግን ከሩቅ የተነሣ ማዕበል መጥቶ ከተማይቱን አጥለቀለቃት። ከዚያ በኋላ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በከተማይቱ ዙሪያ የሲሚንቶ ቅጥር ይሠራ ጀመር፤ ሥራውም ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። በነጻ የተሰጠን ቅጥር አፍርሶ በውድ ዋጋ ሌላ መግዛት ማለት ይህ ነው።

ጣና ኮራል የለውም፤ ደንገል ግን አለው። ደንገል ማዕበሉን ያበርዳል፤ ወንዝ ያመጣውን ደለል ይይዛል፤ ከማሳና ከከተማ የሚወርደውን ቈሻሻ በከፊል ያጣራል፤ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ ይሆናል፤ ለወይጦ ወገኖቻችን ደግሞ የታንኳ እንጨታቸው ነው። ኮራሉ ለማሌ ይሠራ የነበረውን ሥራ ደንገሉ ለጣና ይሠራል። ስለዚህ በጣና ዳር ለሚሠራ ሥራ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ይገነባል?” ሳይሆን “ምን ይፈርሳል?” መሆን ይገባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንመለስ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አጠገብ በ1988 ዓ.ም. የጨረጨራ ውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በመጀመሪያ ሁለት በሮች ነበሩት፤ በ1993 ዓ.ም. አምስት ተጨምረው ሰባት ሆኑ። ዓላማው በጢስ ዓባይ ላሉት የመብራት ማመንጫዎች በክረምትም በበጋም የተስተካከለ ውኃ መስጠት ነበር። ዓላማውን የሚነቅፍ የለም። ይሁን እንጂ ሐይቁ ከዚያ በፊት የራሱ ዘበኛ ነበረው፤ እሱም በመውጫው ላይ ያለው ዐለት ነው። የሐይቁ ውኃ ሲወርድ በዐለቱ ላይ የሚያልፈው ውኃም አብሮ ስለሚያንስ ሐይቁ በበጋ ራሱን ይቈጥብ ነበር። በሮቹ ከተሠሩ በኋላ ግን ምን ያህል ይውጣ ብሎ የሚወስነው ዐለቱ መሆኑ ቀርቶ ሰው ሆነ።

በ1994 እና በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አነሰ፤ አገሩም መብራት አጠረው። ለመብራቱ ሲባል ከሐይቁ ብዙ ውኃ ወጣ። በሰኔ 1995 ዓ.ም. የሐይቁ ከፍታ ልኬት መመዝገብ ከጀመረ ጀምሮ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,784 ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ። መርከቦቹ በደኅና እንዲሄዱ የሚያስፈልገው 1,785 ሜትር ስለ ሆነ ለወራት ቆሙ። ደንገሉ በብዙ ስፍራ ከውኃው ተለይቶ በደረቅ ላይ ቀረና ጠፋ። የሐይቅ ወለል የነበረው ጭቃ ታረሰ። የሸሸውን ውኃ ተከትሎ ያረሰውን ገበሬ አልወቅስም፤ መሬት ለጠበበው ሰው የተገለጠ ጭቃ የእግዜር ስጦታ ይመስለዋል። ነገር ግን ደንገሉ ከተነቀለ በኋላ ውኃው ቢመለስም ወንፊቱ አብሮ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የመጣው እምቦጭ የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ ታጥቦ በሚገባው ፍግና ደለል መሆኑን ስናስብ፣ ነገሩ ምን ያህል የተያያዘ እንደ ሆነ እንረዳለን። የእምቦጩ ምክንያት ይህ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ወንፊቱን ያጣ ቤት ግን እንግላሉን ከዱቄቱ መለየት አይችልም።

አንድ ነገር ልብ ይባል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 የወጣው በዚሁ በ1995 ዓ.ም. ነው። በአዲስ አበባ ሕጉ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም፣ በጣና ላይ ውኃው ይወርድ ነበር። ጨረጨራ ከአዋጁ በፊት የተሠራ ስለ ሆነ አዋጁን ጣሰ ልንለው አንችልም። ልንማርበት ግን እንችላለን። የአንድ በር ጕዳት የሚታየው በተመረቀበት ቀን አይደለም፤ በድርቅ ቀን ነው። ስለዚህ ጥናት የደጉን ዓመት ዝናብ ብቻ ይዞ መነሣት የለበትም። መብራትና ደንገል፣ መርከብና መስኖ በክፉ ዓመት ሲጋጩ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ በደጉ ዓመት መልስ አግኝቶ መጻፍ አለበት። በቸገረ ጊዜ የሚወስን ሰው ለሚጮኸው ይሰጣል፤ ደንገልና ዓሣ ደግሞ አይጮኹም።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣና በለስ የመብራት ኃይል ተመረቀ። ጕልበቱ 460 ሜጋ ዋት ነው። 12 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ዋሻ ከሐይቁ ውኃ እየወሰደ ወደ በለስ ይሰዳል። በዚህም ጣና በሰው እጅ የተሠራ ሁለተኛ መውጫ አገኘ። ለአገሩ የሰጠው ብርሃን ቀላል አይደለም፤ ይህን የምጽፈውም የማባዛውም በመብራት ነው። ዋጋውንም ግን መቍጠር አለብን። በዓባይ በኩል ይወርድ የነበረው ውኃ ወደ በለስ ስለ ዞረ ስሙ በዓለም የተሰማው የጢስ እሳት ፏፏቴ በዓመቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ጥላ ሆኗል። ከላይ ደግሞ ሌሎች ሥራዎች አሉ። በግልገል ዓባይ ገባር በቆጋ ላይ 7,000 ሄክታር የሚያጠጣ ግድብ ተሠርቷል፤ በርብ ላይ ሌላ ቆሟል፤ መገጭም ተራውን አግኝቷል። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ጥናት ቢኖረውም የሚጠጡት ከአንድ ጋን ነው። አሥር ሰው አንድ ጋን ጠላ ሲጠጣ እያንዳንዱ “እኔ የጠጣሁት አንድ ዋንጫ ነው” ቢል ሁሉም እውነት ተናገረ፤ ጋኑ ግን ባዶ ነው።

ለይፋግ፣ ለሊቦ ከምከምና ለፎገራ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው የርብ ነገር ነው። ይፋግ በድሮ ዘመን የጎንደርና የጎጃም ነጋዴ የሚገናኝባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ዛሬ ግን የዚህ ሜዳ ዕድል የታሰረው ከነጋዴ መንገድ ይልቅ ከወንዝ መንገድ ጋር ነው። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዞቹ ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። ይህን የሚያስታውስ ሰው የርብን ግድብ እንዴት ይጠላል? 73 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንዲይዝ የታቀደው ይህ ግድብ ጎርፉን ሊያበርድ፣ በበጋም ሜዳውን ሊያጠጣ የተሠራ ነው። ሥራው ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ ወስዷል። ለሩዝና ለሽንኵርት ገበሬ የበጋ ውኃ ማለት ሁለተኛ መኸር ማለት ነው።

በዚሁ ወንዝ ግን ሌላ መንገደኛም አለ። ላቤዮባርበስ የሚባለው የዓሣ ወገን በጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ዓይነቶች አሉት። በዓለም ላይ በሌላ ሐይቅ አይገኙም። ከነሱም ቢያንስ ሰባቱ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በርብ፣ በጉማራ፣ በመገጭና በሌሎቹ ወንዞች ሽቅብ ይሄዱና ንጹሕ ውኃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ይራባሉ። ይህ ዓሣ አስቀድሞም ክፉ ቀን አይቷል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን አጥኚዎች ጽፈዋል፤ በዋናነት የተከሰሰውም በወንዝ አፍ ላይ ለመራባት ሲሰበሰብ የሚዘረጋው መረብ ነው። እንግዲህ በመረብ የተዳከመ ዓሣ ግድብ ሲገጥመው፣ ከግድቡ በታችም የሚራባበት ጠጠር ለከተማ ሕንፃ ሲዛቅ ምን ይሆናል? መረቡን ያየ ባለሥልጣን ግድቡን አላየም፤ ግድቡን ያጠና መሐንዲስ የጠጠሩን መኪና አልቈጠረም። ለየብቻ የሚጠና ጥናት ድካሙ ይህ ነው። ዓሣው ግን ሦስቱንም በአንድ ክረምት ያገኛቸዋል።

በሐይቁ ዳር ያለው ግንባታም ተመሳሳይ ነው። ባሕር ዳር ያማረች ከተማ ናት፤ የተማረ ሰው ሁሉ ይወዳታል። ሆቴሉ፣ መዝናኛው፣ መኖሪያ ቤቱ ወደ ውኃው እየተጠጋ ሲሄድ ግን ደንገሉ ስፍራ እየለቀቀ ነው። በሰሜን በኩል ጎርጎራ በ2012 ዓ.ም. ገበታ ለሀገር በሚል ስም ከታወጁት ሦስት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተገንብቷል። እንግዳ የሚመጣው ሐይቁን፣ ወፉንና ገዳማቱን ለማየት ነው። የሆቴሉ ቈሻሻ ውኃ ወደ ሐይቁ ከገባ፣ ዳርቻው በድንጋይ ቅጥር ከታጠረ፣ እንግዳው ሊያየው የመጣውን ነገር ያጣል። ያን ጊዜ ሆቴሉ ይቀራል፤ እንግዳው ግን አይመለስም። ጣናና አካባቢው 700,000 ሄክታር ያህል የሚሆን የባዮስፌር ክልል ሆኖ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ይህም ማለት ጨርሶ የማይነካ ስፍራ፣ በጥንቃቄ የሚነካ ስፍራ፣ ሰው የሚሠራበት ስፍራ ተብሎ ተከፍሎ ታውቋል ማለት ነው። በካርታ የታወቀውን ድንበር በምድር ላይ ምልክት አቁሞ ማሳየት ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል።

“ይህ ሁሉ የፈረንጅ ትምህርት ነው፤ አባቶቻችን ያለ ጥናት ኖረዋል” የሚል አይጠፋም። አባቶቻችን ያለ ጥናት አልኖሩም። የዘጌን ልሳነ ምድር ተመልከቱ። እንደ ገዳሙ ሥርዓት በዘጌ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ስለ ሆነ ዙሪያው ሲራቈት ደኑ ቆይቷል፤ ሕዝቡም በደኑ ጥላ ሥር ቡና እያለማ ኖሯል። በዚያ አንድ ሰው “እኔ የምቈርጠው አንድ ዛፍ ነው” ብሎ አይከራከርም፤ የሚጠየቀው ሁሉም እንደ እሱ ቢያደርግ ደኑ ምን ይሆናል ተብሎ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲ “የተደማመረ ተፅዕኖ” እያልን የምንማረው ይህንኑ ነው።

ሕጋችንም ይህን አሳብ አይቃወምም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሰው ሁሉ ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ልማት አካባቢን የሚያጠፋ እንዳይሆንና የሚነካው ሕዝብ አሳቡን እንዲሰጥ ደንግጓል። አዋጅ ቍጥር 299ም ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር፣ የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲቀርብና የሕዝቡ አስተያየት እንዲጨመርበት፣ ሥራው ሲከናወንም ቁጥጥር እንዲደረግ አዟል። ነጠላ ሥራ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ዕቅድም እንዲገመገም ያዛል። እንግዲህ የጐደለን የሕግ ቃል አይደለም። የጐደለን አራት ነገር ነው።

አንደኛው ጊዜ ነው። መሠረተ ድንጋይ ከተጣለ፣ ጭብጨባውም ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው። አጥኚው “አይሠራ” ወይም “ከዚህ ፈቀቅ ብሎ ይሠራ” ለማለት የማይችል ከሆነ ጸሐፊ እንጂ አጥኚ አይደለም።

ሁለተኛው ሙሉነት ነው። የሐይቁ ውኃ በአንድ መዝገብ መቈጠር አለበት። አዲስ ግድብ፣ አዲስ ሆቴል፣ አዲስ ቦይ በተነሣ ቍጥር ከዚህ በፊት ከተሠሩት ጋር ተደምሮ ይታይ። መዝገቡ የሌለው ቤት ብድሩን አያውቅም።

ሦስተኛው ድምፅ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ብዙ መቶ ገጽ ጥናት በቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ “ለሕዝብ ቀርቧል” ቢባል ማን ያምናል? የዳርቻው ገበሬ ውኃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ እንደ ደረሰ ያውቃል። ዓሣ አጥማጁ ዓሣው በየትኛው ሳምንት ወደ ወንዝ እንደሚወጣ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ያልጠየቀ ጥናት የጐደለው ትሕትና ብቻ አይደለም፤ ማስረጃም ጐድሎታል።

አራተኛው ተመልሶ መለካት ነው። ጥናት ትንቢት ነው። “ይህ ይሆናል፤ ያ አይሆንም” ይላል። ትንቢቱ መድረሱን ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ሄዶ የሚያይ ከሌለ፣ የተሳሳተውና ያልተሳሳተው አጥኚ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ከዚያም ወዲያ ስሕተቱ በሚቀጥለው ግድብ ላይ ይደገማል።

አንዳንድ ወንድሞች “የራበው ሕዝብ ስለ ወፍና ስለ ዓሣ መስማት አይፈልግም፤ መጀመሪያ እንጀራ” ይላሉ። ይህ አነጋገር ለድኻ የሚያዝን ይመስላል። ነገር ግን ዳርቻው ሲበላሽ መጀመሪያ የሚራበው ማን ነው? መብራቱ የሚሄደው ሩቅ ነው፤ የሆቴሉ ትርፍ የሚገባው ለባለ ገንዘብ ነው፤ የታንኳው ደንገል፣ የከብቱ ግጦሽ፣ የመረቡ ዓሣ የጠፋበት ግን የዳርቻው ድኻ ነው። ለሱ ዓሣው እንጀራው ነው። ሌሎች ደግሞ “ጥናት ልማትን ያዘገያል” ይላሉ። ጥናት ወራት ይፈጅ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. ለወራት የቆሙት መርከቦች፣ ለዓመታት በእጅ የተነቀለው አረምስ ስንት ቀን ሥራ አስፈቱ? እሱ ካልተቈጠረ ሒሳቡ ሒሳብ አይደለም። ግድብ አይሠራ፣ ሆቴል አይቁም የሚል ካለ እኔ ከሱ ጋር አይደለሁም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እየተባለ የሚኖርበት ዘመን ማብቃት አለበት። ነገር ግን ጥማቱን ለማርካት ሲባል ምንጩን መርገጥ ብልኅነት አይደለም።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ? የተማሪዎች ማኅበር ግድብ የመከልከልም የመፍቀድም ሥልጣን የለውም። ማንበብና መለካት ግን እንችላለን። ለማኅበራችንና ለመምህራኖቻችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ።

መጀመሪያ፣ በጣና ዙሪያ ስለ ተሠሩትና ስለሚሠሩት ሥራዎች የተጻፉት የተፅዕኖ ጥናቶች እየተፈለጉ በቤተ መጻሕፍታችን በአንድ መደርደሪያ ይሰብሰቡ። ማንም ተማሪ ገብቶ “ርብ ላይ ምን ተባለ?” ብሎ ቢጠይቅ የሚያነበው ያግኝ። ሕጉ ለሕዝብ ይቅረብ ያለውን ጽሑፍ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ተማሪዎች ከሥነ ሕይወትና ከምሕንድስና ተማሪዎች ጋር ሆነው የየጥናቱን ፍሬ ነገር በአምስትና በስድስት ገጽ አማርኛ ይጻፉት። ይህንንም በዚሁ በምናባዛበት መኪና አባዝተን፣ የጊዜው ሁኔታ በፈቀደበት ቀበሌ ሁሉ እናድርስ። አንድ ገበሬ ስለ ማሳው የተጻፈውን በገዛ ቋንቋው ሲሰማ የሚሰጠው መልስ ብዙ መመረቂያ ጽሑፍ ያስከነዳል።

ሦስተኛ፣ ከደብረ ታቦር፣ ከወረታ፣ ከይፋግ፣ ከአዲስ ዘመንና ከጎርጎራ አካባቢ የምንመጣ ተማሪዎች ክረምት ወደ ቤታችን ስንሄድ ባዶ እጃችንን አንሂድ። ሽማግሌዎችን ጠይቀን ውኃው በየዓመቱ የት እንደ ደረሰ፣ ደንገሉ የት ድረስ እንደ ነበረ፣ አሸዋ ከየት እንደሚዛቅ በደብተር እንጻፍ፤ በስልካችንም ፎቶግራፍ እናንሣ፤ በየዓመቱ ከዚያው ስፍራ ቆመን እንደገና እናንሣ። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ቤት ሥራ ቈጥረው ነጥብ ቢሰጡበት ከብዙ ፈተና የበለጠ ያስተምራል። አምስት ዓመት ሳይሞላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እጅ የተሠራ የዳርቻ መዝገብ ይኖረናል። አጥኚ ነኝ ብሎ ለሚመጣው ሁሉ “ይህን አይተኸዋል?” ብለን የምናቀርበው ማስረጃ ይሆናል።

የማሌ ሰዎች የኮራላቸውን ዋጋ ያወቁት ማዕበሉ ከገባ በኋላ ነው። እነሱ ቢያንስ ቅጥር የሚሠራላቸው ወዳጅ አገኙ። ደንገልን በሲሚንቶ የሚተካ ወዳጅ ግን የለም፤ በጣና ብቻ የሚገኘውን ዓሣ ከሌላ ባሕር አምጥቶ የሚመልስም የለም። በርበሬው ገና ከሙቀጫ አልወጣም። ዛሬ እንመጥነው።

ከአንድ የይፋግ ልጅ